የአራተኛው ሰው በጀት

ሰውአገኝ ከወንበር ጋር አይስማማም። ወረቀቱን ማሽኑ ውስጥ ይከትታል፣ ብድግ ይላል፣ በሩ ላይ ቆሞ የጎንደር ፒያሳን ቁልቁለት ያያል፣ ይመለሳል፣ ስልኩን ይከፍታል፣ ሳያነብ ይዘጋል። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ሙሉሰው፣ «አንተን የቀጠርኩ ቀን ወንበሩን መሸጥ ነበረብኝ» ይለዋል። ሰውአገኝ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ለጥቂት ካመለጠው ወዲህ እግሩ ከቁስቋም ፒያሳ፣ ከፒያሳ ቁስቋም ይመላለሳል፤ ልቡ ግን ሌላ አገር ነው። የት እንደሆነ ደግሞ ጠንቅቆ ያውቃል፦ ጃፓንና ኮሪያ።

አጀማመሩ ቀላል ነበር። አንድ ክረምት ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለው በስልኩ አንድ ቪዲዮ ከፈተ። የማይታይ ሰው ባቡር ውስጥ ተቀምጦ በመስኮት የሩዝ ማሳ ያሳያል፤ አይናገር፣ ዘፈን አያሰማ፤ አርባ ደቂቃ ሙሉ። ሰውአገኝም አርባ ደቂቃ አብሮት ተጓዘ። ሲያልቅ ቤቱ ጠበበው። በማግስቱ ደብተር ገዛ።

በስድስት ዓመት ሦስት ደብተር ሞላ። የሰባት ቀን የባቡር ትኬት ሁለት ከተማ ብቻ ለሚያይ ሰው ኪሳራ መሆኑን፤ መንገድ ላይ የቆሻሻ መጣያ ስለማይገኝ ፌስታል በኪስ መያዝ እንደሚያስፈልግ፤ ኮሪያ ምግብ ቤት በጎን የሚቀርበው አትክልት ቢያልቅ በነጻ እንደሚጨመር፤ በጃፓን ጉርሻ ሰጥተህ ብትወጣ አስተናጋጁ ገንዘብ ረሳህ ብሎ መንገድ ድረስ እንደሚከተልህ። ይህን ሁሉ እያጣራ፣ ዋጋውን በየዓመቱ እያስተካከለ፣ በቴሌግራም «ጃፓንና ኮሪያ በቀጭን ኪስ» ብሎ በከፈተው ገጽ ያወጣል። ስልሳ ሦስት ተከታይ አለው። ከስልሳ ሦስቱ የሄደ የለም። እኩሌታዎቹ «ቪዛ ትሠራለህ ወይ?» ብለው ጠይቀው፣ አልሠራም ሲላቸው ዝም ያሉ ናቸው። ሙሉሰው ግን ስም አወጣለት። «ቶክዮ፣ ለእናትዬዋ ሁለት ኮፒ አውጣላቸው። ቶክዮ፣ ቀለሙ አልቋል።»

በግንቦት መጨረሻ፣ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን በመታበት ቀን፣ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ። ከቁስቋም በላይ ባለች ደብር ዜማ የሚያስተምሩ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ግን ከአጥር ውጭ የሚሰማ ሽማግሌ ናቸው።

«ቶክዮ የሚሉት አንተ ነህ?»

«ሰውአገኝ እባላለሁ፣ የኔታ።»

«ሳይሄድ የተመለሰ ሰው ነው፣ የኔታ» አለ ሙሉሰው ከመደርደሪያው ሥር።

«ሸጋ። እኛ ደግሞ ሳናውቅ የምንሄድ ነን» አሉና ከካባቸው ሥር በፕላስቲክ የተጠቀለለ ደብዳቤ አወጡ። «ይህን አንብበህ በአማርኛ ንገረኝ። ያነበቡልኝ ሦስት ሰዎች ሦስት ነገር ነው የነገሩኝ።»

ሰውአገኝ ቆሞ አነበበ። ኪዮቶ ላይ የልዩ ልዩ ሃይማኖት ዜማ የሚሰማበት ጉባኤ አለ፤ ከዚያ በሳምንቱ ሴኡል ላይ ሌላ ጉባኤ አለ። ከደብሩ ሦስት ሊቃውንትና አንድ ረዳት ተጋብዘዋል። የአዲስ አበባው የደርሶ መልስ ትኬትና በሁለቱ ከተማ ማደሪያው በጋባዦቹ ነው። ከጃፓን ወደ ኮሪያ መሻገሪያው፣ ምግቡ፣ የከተማ ውስጥ መጓጓዣው፣ ድንገተኛው ወጪ ግን በእንግዶቹ። ጊዜው ነሐሴ መባቻ ላይ ጀምሮ ዐሥራ ሁለት ቀን።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው፣ የኔታ።»

«እንግዲህ ስማኝ። ማኅበሩ ከጉልት ሻጩም ከነጋዴውም ለቅሞ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዶላር አድርሶልናል። ገንዘብ ያዧ የትነበርሽ ከዚያ በላይ ሰባራ ሳንቲም የለም ብላለች፤ የትነበርሽን ካወቅሃት የለም ካለች የለም ነው። ሂያጆቹ ቄስ ወልደኢየሱስ፣ ዲያቆን ኪዳነወልድና እኔ ነን። መንገድ የሚያውቅ አራተኛ ቢኖረን ደስ ባለን። ቁጭ በልና ወጪውን ሥራው። ለአራት ከበቃ አራተኛው አንተ ነህ። ካልበቃ ለሦስት ሥራልንና ምክሩን ጽፈህ ስጠን።»

ማሽኑ ውስጥ ወረቀት ተጣብቆ መጮህ ጀመረ። ሰውአገኝ አልሰማውም። ሙሉሰው ተነሥቶ ራሱ አጠፋው፤ ያን ቀን አልቀለደበትም።

በማግስቱ ሒሳቡን ይዞ ደብሩ ደረሰ። ለአራት ሰው ዐሥራ ሁለት ቀን ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ አራት ዶላር። ወረቀቱን ዘረጋ። መሪጌታ መነጽራቸውን አጠለቁ።

«ይህ አንድ ሺህ ሁለት መቶ የሚለው የምንድን ነው?»

«የምግብ ነው፣ የኔታ። በቀን ለአንድ ሰው ሃያ አምስት ዶላር። የጾም ስለሆነ ነው የከበደው። ጃፓኖች ሾርባው ውስጥ፣ ሶሱ ውስጥ፣ ባላሰቡት ቦታ የዓሣ ጭማቂ ይጨምሩበታል። ከዓሣም ከሥጋም የጸዳውን የመነኮሳት ምግብ የሚሸጥ ቤት አለ፤ ግን ውድ ነው።»

መሪጌታ ትክ ብለው አዩት። «የቄስ ልጅ ነህ አሉኝ።»

«አዎ፣ የኔታ። አባቴ...»

«ነሐሴ መባቻ ምንድን ነው?»

ሰውአገኝ ወረቀቱን አየ። ጆሮው ጋለ።

«ፍልሰታ» አሉ መሪጌታ። «እኔ በፍልሰታ ምሳ ከበላሁ አርባ ዓመት አልፎኛል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቆሎ፣ በሶ፣ ውሃ። ቄስ ወልደኢየሱስም እንደዚያው። ኪዳነወልድም ይለምዳል።»

አጠገባቸው ድጓ ይዞ የተቀመጠው ዲያቆን ኪዳነወልድ፣ ፂሙ ገና የሚያቆጠቁጥ ወጣት፣ «ሩዙን እንኳ፣ የኔታ?» አለ።

«ቆሎ ምን በደለህና ነው ሩዝ የምታስቀድመው?» ብለው እስክሪብቶውን ከሰውአገኝ እጅ ወሰዱና የምግቡን መስመር ሰረዙት። «ለሻይና ለፍራፍሬ በቀን ሁለት ሁለት ዶላር ጻፍ። አንተም አብረኸን ትቆረጥማለህ፤ አትችልም?»

«እችላለሁ።»

«ሽምብራ ነክረን ብንይዝስ?»

«ጥሬ እህል አየር ማረፊያ ላይ ይያዛል፣ የኔታ። የተቆላና የተፈጨ ነው የሚሻለው። ያለዎትን ምግብ ደግሞ በጉምሩክ ቅጹ ላይ አይደብቁ፤ የደበቀ ነው የሚቀጣው።»

«ይሄን ጻፍልኝ» አሉ መሪጌታ ወደ ወረቀቱ እያመለከቱ። «በትልቁ።»

ሰውአገኝ ከደብሩ ሲወጣ እየሮጠ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ሺህ አንድ መቶ ዶላር በአንድ ጭረት ወደቀ። ቁልቁለቱን ሲወርድ በልቡ ደመረ፤ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ስልሳ። ሦስት መቶ ስልሳ ይበልጣል። ቆመ። እንደገና ደመረ። ያው ነው።

የቀረው ትልቁ ወጪ መሻገሪያው ነበር። በዚያው የነሐሴ ሰሞን ጃፓኖች ሙታናቸውን ሊያስቡ ወደየአገራቸው ስለሚጎርፉ የአውሮፕላኑ ዋጋ ይሰቀላል፤ ለአንድ ሰው ሁለት መቶ ስልሳ። በሌሊት አውቶቡስ እስከ ፉኩኦካ ወደብ፣ ከዚያ በመርከብ ግማሽ ቀን ወደ ኮሪያዋ ቡሳን፣ ከቡሳን በዝግታው ባቡር ሴኡል ቢደረስ ግን ለአንድ ሰው መቶ ሃምሳ አምስት። በአራት ሲባዛ ልዩነቱ አራት መቶ ሃያ። ጠቅላላው አንድ ሺህ አራት መቶ አርባ ይሆናል። ለድንገተኛው የተያዘው ሦስት መቶ እንኳ ሳይነካ ስልሳ ዶላር ይተርፋል።

አራት ሰው ይሄዳል።

ያን ከሰዓት ሙሉሰውን አስፈቅዶ ወጣና ያለ ጉዳይ ወለቃ ድረስ በእግሩ ሄደ። የሸክላ ሻጮቹን አልፎ፣ ቆሞ፣ ምን ሊያደርግ እንደመጣ ስላላወቀ ተመለሰ። ዝናብ መታው። የሚያውቀው አንድ ነገር ነበርና ነው። በነሐሴ ያ ባሕር የአውሎ ነፋስ ባሕር ነው። መርከቡ አንዳንዴ በዋዜማው ይሰረዛል። በዚያ ወቅት ደግሞ በዕለቱ አራት የአውሮፕላን ትኬት ልግዛ ቢባል የተመለሰው የመርከብ ብርና መጠባበቂያው ተደምረው አይደርሱበትም። መርከቡ ከቀረ ሴኡል ቀረ ማለት ነው። ሊቃውንቱ ፉኩኦካ ወደብ ላይ ቆሎአቸውን ይዘው ይቀመጣሉ።

«በየቀኑ እኮ አይሰረዝም» አለ ለራሱ ጮክ ብሎ። አህያ የምትነዳ ሴት ዘወር ብላ አየችው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ በደብሩ አዳራሽ ተሰበሰበ። ሰውአገኝ አዲሱን ወረቀት አነበበ። ሁሉም ነበረበት፤ የሌሊት አውቶቡሱ መነሻ ሰዓት በፈረንጅና በሀበሻ ሰዓት አቆጣጠር፣ መቋሚያው ሻንጣ ውስጥ ስለማይገባ እንዴት በካርቶን እንደሚታሸግ፣ ከበሮው እንደ ትልቅ ዕቃ አስቀድሞ ቦታ እንደሚያዝለት። ስለ አውሎ ነፋስ ግን አንድም መስመር አልነበረበትም።

የትነበርሽ ከጠዳ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በጅምላ እያመጣች የምትሸጥ ጎልማሳ ሴት ናት። ነጠላዋን አገጯ ሥር ቋጥራ ስታዳምጥ ቆየች።

«መርከብ» አለች። «ጣና ላይ ታንኳ ያስፈራኛል እንኳን ይሄ። ምነው፣ አውሮፕላን የለም?»

«አለ፣ እትዬ። ግን ለአራት አይበቃም።»

«ለሦስትስ?»

«ለሦስት... ይበቃል።»

«ያለ መንገድ መሪ ነዋ። የኔታን ባቡር ጣቢያ ውስጥ ጥለን።» ትንሽ አሰበች። «ሰው ይሄድበታል፣ ይሄን መርከብ?»

«በየቀኑ ይሄዱበታል።»

ውሸት አልነበረም። የትነበርሽ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ከመጠርጠር በቀር ሥራ የለኝም። አንተ ግን ስድስት ዓመት ያጠናኸው ነው፤ እናምንሃለን» ብላ ደብተሯን ዘጋች። ቄስ ወልደኢየሱስ አማተቡ። ተጨበጨበ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውአገኝ ጭራሽ መቀመጥ አቃተው። ፓስፖርት ለማውጣት ወረፋ ያዘ፤ ወረፋው ላይም መቆም አልሆነለትም። ሙሉሰው አሁን ቶክዮ አይለውም፣ «አራተኛው» ይለዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሻይ ይጋብዘዋል። እናቱ ለጎረቤት ሁሉ ነግራለች። ሌሊት እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ቀን ግን ሐሳቡ አይለቀውም፤ የባሕሩን የአየር ጠባይ የሚያሳየውን ካርታ በሰዓት አንዴ ይከፍታል፣ ገና ሁለት ወር ተኩል ለቀረው ቀን።

በዚህ መሐል አንድ ማክሰኞ ገጹ ላይ ስልሳ አራተኛ ተከታይ ገባ። ዲያቆን ኪዳነወልድ ነበር። በዚያው ቀን መንገድ ላይ ሲያገኘው ዲያቆኑ ፊቱ በርቶ ነበር።

«ከመጀመሪያው ጀምሬ አንድም ሳልዘል ላነበው ነው» አለው። «የኔታ ዜማ ሲያስተምሩን እንደዚያ ነው፤ ከፊደሉ ካልጀመርክ ማኅሌት አይገባህም ይላሉ። ያነበብኩት ላይ ልብ አደርጋለሁ፣ እስከየት እንደደረስኩ እንድታይልኝ።»

«ምን አደከመህ፤ ሁሉንም በወረቀቱ ጽፌልሃለሁ።»

«ወረቀቱማ ደረቅ ነው። እዚህ ላይ ነው አንተ ያለኸው።»

ስለዚህ ሰውአገኝ ያያት ጀመር፤ ቀይ ልብ። ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ያልነካው ጽሑፍ ሥር፣ ስለ ፌስታሉ በጻፈው ሥር አንዲት ልብ፣ ስለ ጉርሻው በጻፈው ሥር አንዲት ልብ። በቀን አምስት፣ አንዳንዴ ስምንት ወደፊት ትራመዳለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን በደስታ ባበደ። አሁን ግን ወዴት እየሄደች እንደሆነ ያውቃል። ከሁለት ዓመት በፊት በሐምሌ የጻፈው ጽሑፍ ነበር። አልተረሳውም፤ ደጋግሞ ያነበው ነበር።

«በነሐሴና በመስከረም ወደ ቡሳን በመርከብ መሻገር የምታስቡ ተጠንቀቁ። የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው። መርከቡ በዋዜማው ሊሰረዝ ይችላል። የመርከቡ ብር ይመለሳል፣ የቀረው ቀን ግን አይመለስም። ቀጠሮ ያለው ሰው በአውሮፕላን ይሂድ።»

ሐሙስ ጠዋት ልቧ ከዚያ ጽሑፍ ዐሥራ አንድ ጽሑፍ ብቻ ቀርቷት ነበር። ሐሙስ ከሰዓት ሰባት። ሰውአገኝ የሰው ሰነድ ኮፒ እያደረገ አንድ ገጽ ዘለለ፣ ደንበኛው ተቆጣ፣ ሙሉሰው ይቅርታ ጠየቀለት። ዓርብ በአራት ሰዓት አራት ቀራት። ሰውአገኝ ከሱቁ ጀርባ ካለው ቧንቧ ዘንድ ወጣ፣ ስልኩን ከፈተ፣ ጽሑፉን በጣቱ ተጭኖ ያዘ። «ይሰረዝ?» ሲል ጠየቀው ስልኩ። ይሰረዝ አለው።

ጠፋ። ከላዩ ያለውና ከታቹ ያለው ጽሑፍ ተጠጉና ገጠሙ። ምንም የጎደለ አይመስልም። አንድ ሰው ቢያነበው፣ ሺህ ሰው ቢያነበው፣ እዚያ ቦታ ላይ ነገር ነበረ አይልም።

ይህ ነበር ያልቻለው። መደበቁን ሲደብቅ እንኳ አንድ ቦታ፣ ስልሳ ሦስት ሰው በማያነበው ገጽ ላይ፣ እውነቱ በስሙ ተቀምጦ ነበር። ከጎንደር ርቆ ባያውቅም የጻፈው ሁሉ የተጣራ ነው ብሎ ነበር ራሱን የሚያከብረው፤ ሌላ የሚከበርበት አልነበረውም። ለማይሄዱት ስልሳ ሦስት ሰዎች የጻፈውን ለሚሄዱት ሦስት ሰዎች ደበቀው፤ አሁን ደግሞ ከማይሄዱትም ወሰደባቸው።

«ሙሉሰው፣ አንድ ሰዓት ልሂድ» አለ።

«አራተኛው፣ አንተ እኮ ሄደሃል፤ እዚህ ያለው ጃኬትህ ነው» አለው ሙሉሰው።

መሪጌታ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ከጎጆአቸው ጣራ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ሰውአገኝ ሳይቀመጥ ነገራቸው። ስለ ባሕሩ፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ልቧ፣ ስለ መሰረዙ። ሲናገር ወዲያና ወዲህ ይል ስለነበር ሽማግሌው አንገታቸውን እያዞሩ ይከተሉት ነበር።

«ቁም» አሉት በመጨረሻ። «አንገቴን አሳመምከኝ።»

ቆመ።

«መሄድ ያን ያህል ፈለግህ?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«ብትሄድ ምን ታደርጋለህ?»

ስድስት ዓመት ሙሉ ያልተጠየቀው ጥያቄ ነበር። «ባቡሩ ውስጥ ተቀምጬ በመስኮት አያለሁ» አለ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

መሪጌታ አልሳቁበትም። «እኔ ደግሞ የሄድኩ እንደሆን ዓይኔን ጨፍኜ እዘምራለሁ። የማያየው ሊሄድ ነው» አሉ። ከዚያ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። «የሰረዝከውን ታስታውሰዋለህ?»

«በቃሌ።»

«እሑድ ማኅበሩ ፊት አንብበው። ገንዘቡ የእኔ ቢሆን እዚሁ እጨርሰው ነበር። የእኔ አይደለም።»

እሑድ ሰማዩ ጠዋቱን ከብዶ ዋለ። አዳራሹ ውስጥ ሰውአገኝ የተሰረዘውን በወረቀት መልሶ ጽፎት አነበበው። 

የትነበርሽ ናት መጀመሪያ የተናገረችው። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ይሄን ያወቅኸው መቼ ነው?»

«ሁለት ዓመቴ ነው።»

«በዚያን እሑድስ ታውቅ ነበር፣ በየቀኑ ይሄዱበታል ስትለኝ?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ ሽንኩርት ስገዛ የበሰበሰውን ከሥር ያደረገ ሰው ዘንድ ሁለተኛ አልሄድም» አለች። ድምፅዋ ግን እንደ ቃሏ አልከረረም። «ነገረን። ሳንጠይቀው ነገረን። እሱንም ልቁጠርለት።»

ቄስ ወልደኢየሱስ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ጸልየን ብንነሣስ፣ መሪጌታ? ባሕሩንም የፈጠረው እሱ ነው። ልጁን ደግሞ ደስ ብሎት አይተነዋል።»

«በራሴ ኪስ ቢሆን ልክ ነህ፣ አባ» አሉ መሪጌታ። «በጉልት ሻጮች ሳንቲም እግዚአብሔርን መፈተን ግን የሚገባን አይመስለኝም።» ከዚያ ወደ ሰውአገኝ ዞሩ። «አንተ ንገረን። ይህን ደብዳቤ የማታውቀው ሰው ቢልክልህ፣ ከሩቅ አገር፣ ሦስት ሰዎች ነን፣ አራተኛ ልንወስድ አስበናል፣ ይሄን ያህል ገንዘብ አለን ቢልህ፣ በዚያ ገጽህ ላይ ምን ብለህ ትመልስለታለህ?»

ሰውአገኝ በሩን አየ። ክፍት ነበር። እግሩ ወደዚያ ሊወስደው ሲል ያዘው።

«በአውሮፕላን ሂዱ እለዋለሁ» አለ። «ሦስታችሁ ብቻ። አንድ ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ይበቃል። መጠባበቂያውን አትንኩት።»

«አራተኛውስ?»

«አራተኛው... መንገዱን ከመነሣታቸው በፊት ያስተምራቸው እለዋለሁ።»

ማንም አላጨበጨበም። የትነበርሽ ደብተሯን ከፍታ «ሦስት» ብላ ጻፈች፤ ከዚያ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ረጅም ጊዜ ወደ ቁጥሩ አየች። ዲያቆን ኪዳነወልድ ከኋላ ቀና ብሎ «ያቺን መልሰህ ጻፋት እንጂ፤ እዚያች ጋ ስደርስ ቀኑ አልገጠመልኝም ነበር» አለ። የየጽሑፉን ቀን እየተከተለ ኖሯል፤ በዚያ ሐምሌ ላይ ክፍተት አይቷል።

ሙሉሰው ሰኞ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ምንም አልጠየቀም። ወሬው ቀድሞት ደርሷል። ረፋዱ ላይ ብቻ፣ ማሽኑን እየጠረገ፣ «ፓስፖርቱን ግን ውሰደው» አለ። «የከፈልክበት ነው። አምስት ዓመት ያገለግላል።» ሰውአገኝ እሺ አለና በሩ ላይ ሊቆም ሄደ።

ሰኔና ሐምሌን ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስቱን አስተማራቸው። ዝናቡ ፋታ በሰጠበት ሰዓት ከደብሩ አጥር ውጭ ባለው ሣር ላይ ይሰበሰባሉ። ስለ ሳንቲሙ አስተማራቸው፤ አምስት መቶ የን እንደ ተራ ሳንቲም ኪስ ውስጥ ተረስቶ የሚቀር ገንዘብ መሆኑን። በተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ በየትኛው ጎን እንደሚቆም አስተማራቸው፤ ቄስ ወልደኢየሱስ «መሐል ብንቆምስ?» ብለው ተከራከሩ። ከመጨረሻዎቹ ቅዳሜዎች በአንዱ ደግሞ ድንጋይ በሁለት ረድፍ ደርድሮ የባቡር ጣቢያ መግቢያ ሠራ፤ በስተቀኝ በኩል ከፍ ያለ ድንጋይ አቆመ።

«እዚህ ላይ የጉዞ ካርዱን ያስነካሉ። ድምፅ ይሰማሉ፣ ያልፋሉ። ካርዱን አይጣሉት፤ ሲወጡም ይጠይቃል።»

ኪዳነወልድ በመታወቂያው ድንጋዩን ነክቶ አለፈ። ቄስ ወልደኢየሱስ አማትበው አለፉ። መሪጌታ ቆሙ።

«በሩ ቢዘጋብኝስ?»

«አይግፉት፣ የኔታ። አይደንግጡ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይበሉና እንደገና ያስነኩ። ከኋላዎ ያለው ሰው ይጠብቃል። እዚያ አገር ማንም አይጮህብዎትም።»

«ሸጋ አገር ነው።» በቁጠባ ደብተራቸው ድንጋዩን ነክተው አለፉና ከወዲያ በኩል ዘወር አሉ። «አሁን የት ነኝ?»

«ኪዮቶ ጣቢያ። አሁን በሰሜኑ በኩል ይወጣሉ። ከፊትዎ አውቶቡሶች ተሰልፈዋል፤ አውቶቡሱ ውስጥ በኋለኛው በር ይገባሉ፣ በፊተኛው ይወርዳሉ፣ የሚከፈለው ሲወርዱ ነው። ከሠልፉ ባሻገር አንድ ረጅም ነጭ ግንብ ያያሉ፤ ሲጠፋባችሁ እሱን እያያችሁ ትመለሳላችሁ። ከዚያ በስተግራ...»

በስተግራ ያለውን ቆሞ መናገር አቃተው። በድንጋዮቹ መሐል አለፈና ሣሩን ይዞ ሄደ፣ ወደ ቁልቁለቱ፣ እየቆጠረ፣ መንገድ መሻገሪያውን በእጁ እያሳየ። መሪጌታ ካባቸውን ሰብስበው ተከተሉት። ቄሱ መሪጌታን፣ ዲያቆኑ ቄሱን ተከተሉ። ቀይ መብራት ነው ብሎ ቆመ፤ ሦስቱም ከኋላው ቆሙ። ከማዶ በጎችዋን የምታግድ አንዲት ልጅ ባዶ ሣር ላይ ተሰልፈው የቆሙትን አራት ሰዎች እያየች እሷም ቆመች። ዝናቡ መጀመሪያ በትከሻቸው ላይ፣ ከዚያ በሣሩ ላይ ጀመረ።

«ስንት ሰዓት ነው የሚያቆመን?» አሉ መሪጌታ።

«ትንሽ ነው፣ የኔታ። አሁን ይለቀናል።»